«ተፈትኗል» ያልኩት ቃል

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ቡሬ ወረዳ ውስጥ የአንዲት ቀበሌ ኅብረት ሥራ ማኅበር የግምጃ ቤት ኃላፊ የሌሎችን ማዳበሪያ አሳልፈው ሰጥተዋል ተብለው ቁልፍ አስረከቡ። አልሰጡም ነበር። ማስረጃ ሆኖ የቀረበባቸው እኔ የሠራሁት ፕሮግራም ያወጣው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ብቻውን ግን ያን ያህል አይጎዳቸውም ነበር ብዬ አስባለሁ፤ የጎዳቸው ተደውሎልኝ ስጠየቅ የሰጠሁት መልስ ነው። «ተፈትኗል» አልኩ። ውሸት አልነበረም፣ ተፈትኗል። የተፈተነው ግን እኔ በጻፍኩት መፈተኛ ነው፤ መፈተኛውንም እንዳይጥለው አድርጌ ያበጀሁት እኔው ነኝ።

ይህን የምነግርዎ አንባቢዬ፣ እንደ ንስሐ አባት ቆጥሬዎ ነው። ፍቱኝ ግን አልልም። የሚፈታኝ ካለ እሳቸው ናቸው፣ እሳቸውንም አልጠየቅኳቸውም፤ ለምን እንዳልጠየቅኩ ወደ በኋላ እናገራለሁ። የምፈልገው ነገሩ ከነምክንያቱ እንዲነገር ነው። ምክንያት ሲዘረዘር ማመካኛ መምሰሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ማመካኛ የመሰለኝን ባገኘሁበት ቦታ ለማፍረስ እሞክራለሁ፣ ሁሉንም ላገኘው ባልችልም።

የተወለድኩት ፍኖተ ሰላም ነው። ከጅጋ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አልፎ እስከ ቡሬ፣ ከዚያም እስከ ሽንዲ ያለው አገር በቆሎና በርበሬ አብቃይ ነው፤ በቆሎው ደግሞ፣ በተለይ ቢኤች 660ን የመሰለው ዲቃላ ዘር፣ ያለ ማዳበሪያ አይሆንም። ሲዘራ ኤንፒኤስ ይገባል፣ ጉልበት ሲደርስ በዩሪያ ይደገማል። ያ ዓመት ግን ማዳበሪያ የጠፋበት ዓመት ነበር፤ ገበሬው ባሕር ዳር ላይ ሰልፍ እስከ መውጣት ደርሷል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንዲት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት የቤተሰብ የዓመት ቀለብ ናት። «የከፋዩን ድርሻ ለማይከፍል ዘመዱ ሰጠ» የሚባል ሰው በሌላ ዓመት ሊታማ ይችላል፤ በዚያ ዓመት ግን ሐሜት ብቻ ሆኖ አይቀርለትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገበሬው ገንዘቡን ይከፍላል፣ ስሙ በአንድ መዝገብ ይጻፋል። ደረሰኙን ይዞ ግምጃ ቤት ሄዶ ይረከባል፣ ስሙ በሌላ መዝገብ ይጻፋል። ሁለቱን መዝገብ የሚጽፉት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ዘመናዊ ተማሪ ቤት የወጣ፣ ሌላው ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ሊሆን ይችላል። የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ዩኒየን ውስጥ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ሁለቱን ሲያመሳክር ይከርማል። ያንን ድካም ላቀልለት ብዬ ነበር ፕሮግራሙን የጻፍኩት፤ ይሄኛው ሐሳብ በጎ ነበር፣ አሁንም አልክደውም።

ፕሮግራሙ በመዳፊት የሚጫን ነገር የለውም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ የትእዛዝ መስመር ይጻፋል፤ ሁለቱን ፋይሎች አንብቦ ሦስተኛ ያወጣል። ሦስተኛው ሁለት ዓምድ አለው፦ በአንዱ «ከፍለው ያልወሰዱ»፣ በሌላው «ሳይከፍሉ የወሰዱ»። እንዲህ ያለ ደረቅ የኮማንድ ላይን ፕሮግራም የመረጥኩት ላፕቶፑ አሮጌ፣ ኢንተርኔቱም ሲመጣ ሲሄድ የሚኖር ስለነበረ ነው። ፋይሉ ከቀበሌ በፍላሽ ይመጣል፣ ውጤቱ በወረቀት ይታተማል። በዚህ አልጸጸትም። የሚያጸጽተኝ የሁለቱ ዓምዶች ርእስ ነው፤ እሱንም ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንድ ስም በሌላው ፋይል ውስጥ አለመገኘቱን ብቻ ነበር። «ሳይከፍሉ የወሰዱ» የሚለውን ክስ የጨመርኩበት እኔ ነኝ፣ አጭርና ግልጽ ስለመሰለኝ።

ስለ መፈተኛው ልንገርዎ፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። አንድን ፕሮግራም ቁራጭ ቁራጩን ለየብቻ መፈተን ይቻላል። ኢንተግሬሽን ቴስት የምንለው ግን ሙሉውን፣ የሒሳብ ሠራተኛው እንደሚያስነሣው አስነሥቶ፣ ናሙና ፋይል አቅርቦለት፣ የመለሰውን አስቀድሞ ከተጻፈ ትክክለኛ መልስ ጋር ማስተያየት ነው። ይህን በየፈተናው መላልሶ መጻፍ ስለሚያሰለች ረዳት ኮድ ይጻፋል፣ ሄልፐር ይባላል። ጊዜያዊ ፎልደር ይከፍታል፣ ናሙናውን እዚያ ይገለብጣል፣ ፕሮግራሙን ያስኬዳል፣ ያወጣውን ጽሑፍና ሲጨርስ የመለሰውን ቁጥር ይይዛል፤ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ በሰላም ጨርሷል፣ ሌላ ከሆነ አንድ ነገር ተሰናክሏል። ፈተናዎቹ ሁሉ በዚህ ረዳት ላይ ቆመው ነው የሚያዩት። እሱ ያልሰጣቸውን አያዩም። እሱን ራሱን ደግሞ፣ በኔ ልማድ ቢያንስ፣ የሚፈትነው አልነበረም።

ሥራውን የተማርኩት የኮድ ለውጥ ከሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ከጊት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. የጀመረው ጊት ፈተናዎቹ ሁሉ የሚጠሩት አንድ የረዳት ፋይል አለው፤ ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ፈተና ከመጀመሩ በፊት የኮምፒውተሩን የቋንቋ ቅንብር ወደ አንድ ወጥ ቅንብር፣ የሰዓት ክልሉን ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ይመልሰዋል፤ አንዱ ጀርመን ሌላው ጃፓን ሆኖ ቢያስኬደው ውጤቱ እንዳይለያይ። ሰዓቱም እንደልብ አይሮጥም። መጋቢት 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ላይ ይጀምራል፣ የጊት የመጀመሪያው ኮድ የተመዘገበባት ቅጽበት ናት፤ ከዚያ በተጠራ ቁጥር 60 ሰከንድ ብቻ ይራመዳል። ይህ ሁሉ ፈተናውን ለማርጋት ነው። ነገር ግን እዚያው ፋይል አጠገብ የሚያጠብቁም ረዳቶች አሉ፦ ፕሮግራሙ እምቢ ማለት ባለበት ቦታ እምቢ ማለቱን፣ ያውም በሥርዓት እምቢ ማለቱን እንጂ ተሰናክሎ አለመሞቱን የሚያረጋግጥ አለ። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የወሰድኩት የሚያረጋውን ነው። የሚያጠብቀውን በኋላ እጨምራለሁ ብዬ ተውኩት።

ግንቦት ላይ፣ ፕሮግራሙን ለዩኒየኑ ሰዎች የማሳይበት ቀን ሲደርስ፣ አንድ ፈተና ወደቀ። ናሙናውን የላከልኝ የሒሳብ ሠራተኛው ነበር፣ ከእውነተኛ መዝገብ ቀድቶ። ትክክለኛውን መልስ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ ሁለቱን መዝገብ በዓይኔ አስተያይቼ። በአንዱ «ኃይለ ማርያም» የሚል አየሁ፣ በሌላው «ሃይለማርያም»፤ የአባቱም ስም አንድ፣ ቀበሌውም አንድ። አንድ ሰው ነው ብዬ ከተገናኙት መደብኩት። ፕሮግራሙ ግን አላገናኘውም። ለኮምፒውተር ሀ 4608 ነው፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ይዞ ገባ፤ መግባቱም ትክክል ነው፣ ግዕዙ ይለያቸዋልና። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን አይለያቸውም፤ ጆሮ ያልለየውን እጅ እንዳመጣለት ይጽፋል። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ድምፁ ሳይለወጥ በ48 መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ መነሻው ፊደል በ6፣ ሥ በ2፣ ሴ በ2፣ ክፍተት በመተውና ባለመተው ደግሞ በ2።

ያ የወደቀ ፈተና ሥራውን ነበር የሠራው። ፕሮግራሙ ወደ ገጠር ከመውጣቱ በፊት የተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ እሱ ብቻ ነበር። እኔም አንድ ትንሽ ተግባር ጻፍኩ፣ «አስማማ» ብዬ ሰየምኩት። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል፣ ሃንና ኣንም ከሀና ከአ ጋር አንድ ያደርጋል፣ በድርብ ስም መካከል ያለውን ክፍተት ያጠፋል። ይህን ተግባር ማስገባት የነበረብኝ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ያስገባሁት ረዳት ኮዱ ውስጥ፣ ናሙናው ወደ ጊዜያዊው ፎልደር በሚገለበጥበት መስመር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ፈተናዎቹ የሚያዩት የታጠበ ስም ብቻ ሆነ። ፕሮግራሙ ደግሞ ወደ ቡሬ የሄደው ያልታጠበውን ሊያነብ ነው። በጎደለ ቁና ሰፍሮ በዚያው በጎደለው ቁና መልሶ ለክቶ «ልክ ነው» እንደሚል ነጋዴ ማለት ነው። ከመስመሩ ጎን «ለጊዜው» የሚል ማስታወሻ ጻፍኩ። ሁሉም ፈተና አለፈ።

ለምን እዚያ አስገባሁት? ብዙ ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት መልስ «ደክሞኝ ነበር» የሚል ነው፤ ደክሞኝም ነበር። ግን ለአንድ ተግባር የሚፈጀው ድካም የትም ቢያስገቡት ያው ነው። ልዩነቱ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ባስገባው ጥያቄ ያስነሣብኝ ነበር፦ ሁለት ስም ሲታጠብ አንድ ቢሆን፣ ሰውየውም አንድ ነው ማለት ነው? በአንድ ቀበሌ ሁለት አለሙ፣ ሦስት ጸሐይ አይኖሩም? ለዚህ የሒሳብ ሠራተኛውን ማማከር፣ የደረሰኝ ቁጥርና ጎጥ መጨመር፣ የማሳያውን ቀን ማዛወር ያስፈልግ ነበር። ረዳት ኮዱ ግን ምንም አይጠይቀኝም፣ ማንም ገልጦ አያየውም። ስለዚህ ሳላውቅ ተሳሳትኩ ማለት አልችልም። ፈተናው ለምን እንደወደቀ አውቄ ነበር፤ የወደቀበትን ምክንያት ከፊቴ አነሣሁት፣ ከገበሬው ፊት ግን አላነሣሁትም። የአባቴ ስም እንኳ በስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴና በቀበሌ መታወቂያዬ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። የዚህ አገር ስም እንዴት እንደሚጻፍ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም ነበር።

ሐምሌ ላይ የሒሳብ ሠራተኛው ደወለልኝ። እኩያዬ ነው፣ ወንድሜ ነው የምንባባለው።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ ነገር ሊሳሳት ይችላል እንዴ? ቁጥጥር ኮሚቴው ሰውየውን ቁልፍ አስረክቡ ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ፣ ከፍለው አልወሰዱም የተባሉትን ጠርታችሁ ጠይቋቸው እያሉ ነው።»

«ተፈትኗል» አልኩት። «ፈተናውን ሁሉ አልፏል። የገባው መረጃ ላይ ካልሆነ በቀር።»

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ ገልብጬ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ቃል እውነት ነው፣ ሁለተኛውም እውነት ነው፤ «ካልሆነ በቀር» የሚለው ደግሞ ጥፋቱን ወደ ጸሐፊው የማሻግርበት መውጫ ነበር። በዚያች ቅጽበት የሰውየው ነገር በልቤ አልነበረም። የነበረው ፕሮግራሜ ነው። ሌሎች ወረዳዎችም ይወስዱታል የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ ስሙ እንዳይጠፋ ፈራሁ። የሰው ስም እየጠፋ መሆኑን በጆሮዬ እየሰማሁ ለፕሮግራም ስም ሠጋሁ። ሌላም አለ። አዲስ አበባ ተምሮ የቀረ የአገሬ ልጅ «ተፈትኗል» ሲል ቃሉ እዚያ ምን ያህል እንደሚመዝን አውቅ ነበር። ክብደቱ ደስ ይለኝ ነበር። ስለዚህ ቀለል አድርጌ አልተናገርኩትም።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ያሉት ግን የማይመለስ ነገር ነበር፣ ቆም ብሎ ላሰበው። ማዳበሪያ በጠፋበት ክረምት፣ ከፍሎ ያልወሰደ ገበሬ ዝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል? በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ይጮኻል እንጂ። ከፍለው አልወሰዱም ከተባሉት አንድም ሰው አልመጣም ነበር። አንድ ሁለቱን ጠርቶ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ኮሚቴው አልጠራም፤ የእርሻ ወቅት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጎጡ ይርቃል፣ ደግሞም የታተመ ወረቀት በእጁ አለ። እሱን አልወቅስም። ወረቀቱን እንዲያምን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ዝርዝሩ በፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም የደረሰኝ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ወረቀቱ ተጨማድዷል፣ ጥግ ላይ የጣት ጭቃ አለበት። በግራ «ከፍለው ያልወሰዱ»፣ በቀኝ «ሳይከፍሉ የወሰዱ»። ከግራው ዓምድ አንዱን አነበብኩ፣ «ኃይለ ማርያም ዓለሙ፣ 2 ከረጢት»። ወደ ቀኝ ስሻገር «ሃይለማርያም አለሙ፣ 2 ከረጢት»። ወረድ ብዬ በግራ «ፀሐይ»፣ በቀኝ «ጸሃይ»፤ የከረጢቱ ቁጥር አሁንም እኩል። ድምፅ አውጥቼ ሳነበው አንድ ዝርዝር ሁለት ጊዜ የማነብ ያህል ሆነ። ያን ጊዜ እንኳ፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም፣ የመጀመሪያው ሐሳቤ «ጸሐፊው ሲጽፍ ተሳስቷል» የሚል ነበር።

ጸሐፊው ላይ ማረጋገጫ ላገኝ ብዬ እውነተኛዎቹን ፋይሎች በፈተናው ውስጥ አሳለፍኳቸው። አለፉ፤ ሁሉም ስም ተገናኘ። ፕሮግራሙን በእጄ፣ ያለ ፈተናው፣ በነዚያው ፋይሎች ላይ አስኬድኩት። አልተገናኙም፤ ያው ወረቀቱ ላይ ያለው ዝርዝር ወጣ። አንድ ፕሮግራም በአንድ ፋይል ላይ ሁለት መልስ አይሰጥም። በሁለቱ መካከል ያለው ረዳት ኮዱ ብቻ ነው። ከፈትኩት፣ «ለጊዜው» የሚለውን አየሁ። የራሴ ማስታወሻ ነው። ከዚያ በኋላ ጸሐፊውን ላመካኝበት አልቻልኩም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ከቸልተኝነት የመጣ ጥፋት እለው ነበር። ካወቅኩ በኋላ ያደረግኩት ግን ይብሳል። አልደወልኩም። ቁጭ ብዬ ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። ጥፋቱንና ማረሚያውን አንድ ላይ ይዤ ብቀርብ ጥፋቱ ያንሳል ብዬ ነው፤ ለሳቸው አይደለም የሚያንሰው፣ ለኔ ነው። አዲሱን ቅጂ ለሒሳብ ሠራተኛው በቴሌግራም ስልክለት ከሥሩ «የተሻሻለ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። የተሳሳተ ነበር አላልኩም። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መልእክቴ በአንዲት ምልክት ቀረ፣ ሁለተኛዋ አልመጣችም። ኔትወርክ የለም ማለት እውነት ነበር፤ ለኔም ተመቸኝ። የስልክ መስመር ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር። ለእናቴ እየሞከርኩ አገኛት ነበር። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው ጥቃት ሰው ካለቀ በኋላ ደግሞ፣ በዚህ ሰዓት ስለ ማዳበሪያ ዝርዝር ማን ያወራል አልኩ። እንዲህ ማሰቤ ሐዘን ይመስል ነበር፤ ሐዘንም ነበረው። ነገር ግን በሰው ሞት ውስጥ የራሴን ዝምታ ደብቄአለሁ። ቡሬ ያሉት ሰውዬ ያንኑ ክረምት ሌባ ተብለው ነበር የሚያሳልፉት።

በመጨረሻ ለሒሳብ ሠራተኛው ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ቆጣ አለ፣ ቆጣ ማለቱ ይገባዋል። የሳቸውን ስልክ ቁጥር ሰጠኝ።

«አያ» አልኳቸው፣ «በማዳበሪያው የተባለው ነገር የርስዎ ጥፋት አልነበረም። የኔ ነው። ያን ዝርዝር ያወጣውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉ። ነገርኳቸው። ትንሽ ቆዩና፣ «እኔ ጠርታችሁ ጠይቋቸው ስል፣ አንተ ዘንድ አልደረሰም ነበር?»

«ደርሷል» አልኩ።

«እ» አሉ። ከዚያ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ መንገዱ ተዘግቶ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ደኅና ዋል ብለውኝ ዘጉት።

ይቅር በሉኝ አላልኳቸውም። ብላቸው ይቅር ይሉኝ ነበር፤ በኛ አገር ትልቅ ሰው እንዲያ ተብሎ ሲለመን እምቢ ማለት ለራሱ ይከብደዋል። ይቅር ማለት ሳይፈልጉ ይሉኝ ነበር ማለት ነው፣ እኔም ሳይገባኝ ወስጄ እገላገል ነበር። አንድ ጊዜ ያላቸውን ወስጄባቸዋለሁ። ይሄ የኔ አተያይ ነው፤ ምናልባት መለመንን ማፈርም አለበት፣ ሁለቱን መለየት አቅቶኛል።

የእንግሊዝ ፖስታ ቤቶችን ታሪክ ቀደም ብዬ አውቀው ነበር፣ ያውም ለሌሎች እያወራሁት። ፉጂትሱ የሠራው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሥርዓት የሌለ ጉድለት እያሳየ፣ ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈርዶባቸዋል፤ ብዙዎቹ «ሒሳቡን ፈትሹት» ሲሉ «ሥርዓቱ አይሳሳትም» ይባሉ ነበር። ፍርዱን በጅምላ የሻረው ሕግ የወጣው በ2016 ዓ.ም. ነው። የኔ ጥፋት በመጠን ከዚያ ጋር አይተካከልም፤ በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ሰው ላይ የደረሰ ነው። የማነሣው አንድ ነገር ስለማይለቀኝ ነው፦ ያን ታሪክ ሳወራ ራሴን ሁልጊዜ ከተበደሉት ጎን አቆም ነበር። ሐምሌ ላይ ስልኩ ሲጠራ ከየትኛው ጎን እንደቆምኩ አላወቅኩትም።

ስሕተቱ የፕሮግራሙ መሆኑን በደብዳቤ ጻፍኩ፣ ፈረምኩበት፣ በመንገደኛ ላክሁት። ረዳት ኮዱ ምን እንዳደረገ፣ ስንቱ ስም በምን ፊደል እንደተለያየ፣ ስጠየቅ ምን እንደመለስኩ አለበት። ኮሚቴው ፊት ተነበበ፣ ጥርጣሬው ተነሣላቸው። ቁልፉ ግን በሌላ ሰው እጅ ነው፤ እሳቸውም መልሱልኝ አላሉም። ደብዳቤው ገበያ ላይ አልተነበበም። «ነገር ነበረበት» የሚለው ወሬ ገበያ ውስጥ ቀርቷል ብሎኛል የሒሳብ ሠራተኛው።

ፕሮግራሙ አሁን «ሳይከፍሉ የወሰዱ» አይልም። «ስሙ አልተገናኘም፣ ይጠየቅ» ነው የሚለው፣ የሚመስለውንም ስም ከነጎጡ ከጎኑ ያወጣል። ስም የሚያጥበው ተግባር ወደ ተገቢ ቦታው ተዛውሯል፤ ግን ያቀራርባል እንጂ አይወስንም፣ መጀመሪያ የሚታየው የደረሰኝ ቁጥሩ ነው። የብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ ቁጥር ለሁሉም ገበሬ ሲደርስ ሥራው ይቀላል ብዬ አስባለሁ፣ 12 አኃዝ ሲጻፍ አንዱ ሊዘለል እንደሚችል ሳልረሳ።

ረዳት ኮዱን ከሥር ጀምሬ ስፈትሸው ሌላም አገኘሁ። የፈተናውን ቀን ሰኔ 1 ላይ አቁሜው ነበር፣ ምንም የማይደናቀፍበት ጸጥ ያለ ቀን ስለሆነ። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን አላት። ቀኑን ወደ ጳጉሜን 6 ሳዛውረው ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ በስሕተት ቁጥር ወጣ። ፈተናው ግን አለፈ አለ፤ ረዳት ኮዱ ፕሮግራሙ ሲጨርስ የሚመልሰውን ቁጥር ይዞ ይጥለው ነበር። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። መቼና ለምን እንደጻፍኩት ላስታውስ ብሞክር ሊመጣልኝ አልቻለም፤ ምናልባት ሌላ የሚወድቅ ፈተና አሰልችቶኝ ይሆናል። አሁን ረዳቱ ናሙናውን እንዳለ ይገለብጣል፣ ቁጥሩንም ይመረምራል፤ ለራሱም የሚፈትኑት ፈተናዎች አሉት፣ አንደኛው የተበላሸ ፕሮግራም ሆን ብሎ ሰጥቶት መጣሉን የሚያይ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን የቀድሞውን ረዳት ኮድ፣ ገና ሳላፍርበት፣ ለብዙ ሰው አድዬዋለሁ። በአማርኛ ፋይል የሚሠሩ ልጆች ሲቸገሩ «ይሄን ውሰዱ፣ ከፊደል ጣጣ ያወጣችኋል» እያልኩ በፍላሽ ሰጥቻለሁ፤ የወሰዱትም ለሌላ ሰጥተዋል። የማውቃቸውን እየደወልኩ ነግሬአቸዋለሁ፣ አጥፍተውታል። የማላውቃቸው አሉ፤ ጤና ጣቢያ ይሁን ብድር ተቋም ይሁን፣ የሰው ስም ከሰው ስም ጋር በሚያስተያይ ፕሮግራም ሥር ተቀምጦ ይሆናል። እርስዎ ወይም የሚያውቁት ሰው እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ከሆነ፣ የመፈተኛውን ረዳት ፋይል ከፍተው ናሙናው የሚገለበጥበትን መስመር ይዩልኝ። «አስማማ» የሚል ተግባር እዚያ ከተጠራ፣ ከጎኑም «ለጊዜው» ከተባለ፣ ያ የኔ ነው። ያጥፉትና ፈተናዎቹን እንደገና ያስኪዱ። ከዚያ የሚወድቁትን፣ ስማቸው ያልተገናኘላቸውን ሰዎች፣ ዝርዝሩ ለማንም ከመሰጠቱ በፊት ጠርተው ይጠይቋቸው።